ከግጦሽ መስክ የተዘገነ አፈር ምን ይናገራል?

ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ከአውስትራሊያ መሆኑ የታወቀ ነው። በትውልድ አገሩ ግን ሁልጊዜ ተጠጋግቶ አይበቅልም። በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ፣ ነጭ ቦክስና ቢጫ ቦክስ የሚባሉት የባሕር ዛፍ ዓይነቶች ተራርቀው ይቆማሉ፤ ከሥራቸውም ሣር ይለመልማል። ይህ ሣራማ የዛፍ መሬት አብዛኛው ለእርሻ ተመንጥሮ፣ ከቀረውም ብዙው የበግና የከብት መሰማሪያ ሆኖ በመቆየቱ፣ የአገሩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዘንድ መዝግቦታል።

ጉዳቱ ቶሎ ለዓይን አይታይም። በጎች ዓመቱን ሙሉ በአንድ መስክ ሲውሉ አስቀድመው የሚጨርሱት የሚወዱትን ሣር ነው። በኢትዮጵያ የግጦሽ መሬቶችም የሚገኘው ቴሜዳ የተባለው ሣር ዘር ሳይጥል እየተጋጠ ይመነምንና ቦታውን አረም ይወርሰዋል። መስኩ ከሩቅ ሲያዩት ግን አረንጓዴ ነው! ዘሩ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ መስኩን መከለል ብቻውን አይመልሰውም፤ ዘር ተሰብስቦ እንደገና መዘራት ይኖርበታል። አስቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ለዚህም ተመራማሪዎች አፈሩን መመርመር ጀምረዋል። ማንኛውም ተክል፣ ነፍሳትና እንስሳ በሚረግፍ ቅጠል፣ በፀጉርና በእዳሪ አማካይነት ዲ.ኤን.ኤ. የተባለውን የዘር ምልክቱን በአካባቢው ይጥላል። ሠራተኞቹ ጓንት አጥልቀው ከመስኩ ልዩ ልዩ ሥፍራዎች ጥቂት ጥቂት አፈር ይዘግናሉ። በላቦራቶሪ ምልክቱ ከአፈሩ ተለይቶ ይባዛል፤ ከተነበበም በኋላ የጣት አሻራ ከመዝገብ ጋር እንደሚመሳከር ሁሉ ቀደም ሲል ከታወቁት ዝርያዎች ጋር ይነጻጸራል። በአበባ ወራት ብቻ የሚለየው ተክልና ከመሬት በታች የሚኖረው ፈንገስ ሳይቀር በዚህ መንገድ ሊታወቅ ይችላል።

ይሁን እንጂ ዘዴው የመንጋ ቆጠራ አይደለም። ዝርያው መኖሩን እንጂ ብዛቱን በትክክል አይናገርም። በመዝገቡ ያልገባ ዝርያ በስሙ አይታወቅም። የሞተ ተክል ምልክት በአፈር ውስጥ ሊቆይ፣ በግም ከሌላ መስክ የበላውን ሣር ምልክት በበጠጡ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለሆነም ያረፈውንና ሳያርፍ የተጋጠውን መስክ በአንድ ወቅት፣ ከእኩል ጥልቀት በተወሰደ አፈር ማወዳደር፣ በእግር እየተዘዋወሩ መቁጠርንም አለመተው ይገባል።

ከሁሉ በላይ የአርቢው ቃል ያስፈልጋል። በጎቹ ስንት ነበሩ? መቼ ገቡ? መቼስ ወጡ? ይህን ላቦራቶሪው ከአፈሩ ሊያነበው አይችልም።