ማድያት፣ ኩልና ቅባት፦ በትንሽ ወጪ ፊትን ስለ መንከባከብ



ወደ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍል የሚመጡ እናቶች ስለ እንክብሉ ወይም ስለ መርፌው የሚጠይቁትን ጠይቀው ከጨረሱ በኋላ፣ ተነስተው በሩ ላይ ሲደርሱ መለስ ብለው የሚያነሱት አንድ ጉዳይ አለ። «ሲስተር፣ ይህን ፊቴን ምን ላድርገው?» ይላሉ። ጉንጫቸውና ግንባራቸው ላይ ቡናማ ጥላ የመሰለ ነገር ወጥቷል። አንዳንዷ ጥያቄውን ታፍርበታለች፤ ሌላዋ ደግሞ ማንንም ሳትጠይቅ ገበያ ወጥታ አንድ ቱቦ ቅባት ገዝታ ትገባለች። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለሁለቱም፣ እንዲሁም ወረፋ ሲጠብቁ አጠገባቸው ለሚቀመጡት ባሎቻቸው ነው።

ማድያት ለምን ይወጣል?

ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። በእርግዝና ወቅት ኢስትሮጅንና ፕሮጀስትሮን የሚባሉት ሆርሞኖች በሴቷ ሰውነት ውስጥ ስለሚበዙ፣ ሜላኒን የሚያመርቱት የቆዳ ሕዋሳት ከወትሮው በላይ ይሠራሉ። በዚህ ላይ እንደ ድሬዳዋ ያለ ፀሐይ ሲጨመርበት በጉንጭ፣ በግንባር፣ በአፍንጫና ከላይኛው ከንፈር በላይ ጥቁር ቡናማ ምልክት ይወጣል። ማድያት የምንለው ይኸው ነው። ቆሻሻ ስላልሆነ በመፈግፈግ አይለቅም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ሁለቱን ሆርሞኖች የያዘው የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልም በአንዳንድ ሴቶች ላይ ይህንኑ ያመጣል። በሁሉም ላይ ግን አይደለም፤ እንዲያውም እንክብሉ ብጉር የሚቀንስላቸው ሴቶች አሉ። በእርግዝና የመጣው ማድያት ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት እየደበዘዘ ይሄዳል። በእንክብል የመጣው ግን እንክብሉ ከቆመ በኋላም ሊቆይ ይችላል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዲት እናት መስታወት አይታ ትበሳጭና እንክብሉን በራሷ ውሳኔ ታቆመዋለች። ሌላ መከላከያ አልተካም፤ ለባሏም አልነገረችም። ቀጥሎ የምትመጣው ለእርግዝና ምርመራ ነው። ያላቀዱት እርግዝና ደግሞ ማድያቱን መልሶ ያጠቁረዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ፊታችሁ መጥቆሩን ካያችሁ እንክብሉን ሳታቋርጡ ወደ ክሊኒክ ኑና እንነጋገር። ለምሳሌ ሉፕ ከመዳብ የተሠራው ዓይነት ምንም ሆርሞን የለውም፤ ኮንዶምም እንደዚያው። እንክብሉን የምትተዉት ሌላው መከላከያ ሲጀመር ነው።

ለባሎችም አንድ ነገር ላንሳ። «ፊትሽ ምን ሆነ?» የሚለው ቃል በቀልድም ቢነገር ሚስትን በማግስቱ ቅባት ፍለጋ ያስወጣታል። ቅባቱ የሚገዛው ደግሞ ከአስቤዛው ገንዘብ ተቀንሶ ነው። ይህን የምትጠራጠሩ ካላችሁ ቤታችሁ ጠይቁ።

በቱቦው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

በከተማችን ቅባት ማግኘት አያስቸግርም። ከቀፊራ እስከ ታይዋን ብትዞሩ፣ በጅቡቲና በሶማሌላንድ በኩል የገባው፣ ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቀውም ጭምር በየመደርደሪያው አለ። ከእነዚህ መካከል «ፊት ያጠራል»፣ «በሳምንት ያቀላል» እየተባሉ የሚሸጡት ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። በእንዲህ ዓይነት ቅባቶች ውስጥ በተለያዩ አገሮች በምርመራ በተደጋጋሚ የተገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ሜርኩሪ፣ በአማርኛችን ባዜቃ የምንለው ነው። ባዜቃ ሜላኒን እንዳይመረት ስለሚያግድ ቆዳው ፈጥኖ ይገረጣል፤ ገዢዋም ቅባቱ ሠራ ብላ ትደሰታለች። ነገር ግን በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፤ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ እንቅልፍ ይነሳል። በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎም በማኅፀን ላለው ሕፃን ይደርሳል። በይበልጥ የሚያሳስበኝ ቅባቱን ባልተቀቡት ላይ የሚደርሰው ነው። ባዜቃው በትራስ ልብስ፣ በፎጣና በእጅ አማካይነት ወደ ባልና ወደ ልጆች ይሸጋገራል፤ ወደ አየርም ይተናል። አንዷ ለፊቷ የገዛችውን ቤተሰቡ በሙሉ ይካፈለዋል ማለት ነው። በዚህ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከአንድ እጅ በላይ ባዜቃ ያለበት የቆዳ ቅባት ከ2020 በኋላ እንዳይመረትና ከአገር አገር እንዳይሸጥ ከለከለ። በ2023 ደግሞ አባል አገሮቹ ይህ መጠን ተነስቶ ባዜቃ የተጨመረበት ማናቸውም የመዋቢያ ቅባት በ2025 እንዲቀር ተስማሙ። ሆኖም ከሕግ ውጭ የሚሠራው ገበያውን አልለቀቀም።

ሁለተኛው ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ የስቴሮይድ ቅባት ነው። ይህ በራሱ መርዝ አይደለም፤ ሐኪም ለቆዳ በሽታ ለአጭር ጊዜ የሚያዘው መድኃኒት ነው። ነገር ግን ለወራት ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ደም ሥሮቹ ቀይ ክር መስለው ይታያሉ፤ ብጉር ያወጣል፤ ጭርት ካለም ሸፍኖ ያስፋፋዋል። ሰውነታቸውን በሙሉ ሲቀቡት በኖሩ እናቶች ላይ ቆዳው ስለሚሳሳ በቀዶ ሕክምና ሲወልዱ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም፤ ስፌቱም በደንብ አይዝም። በእርግዝና ጊዜ ብዙ መጠን መጠቀምም ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ከመወለዱ ጋር ተያይዞ ታይቷል። ለረጅም ጊዜ የተጠቀማችሁ ካላችሁ በአንድ ቀን አትጣሉት፤ ፊቱ ይቆጣል፣ ይቀላል፣ ያቃጥላል። የጤና ባለሙያ ደረጃ በደረጃ ያስቆማችሁ።

ሦስተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ይህንንም ሐኪም ለማድያት ያዝዘዋል፤ ግን በመጠንና በጊዜ ተወስኖ ነው። ያለ ልክ ለዓመታት ሲቀባ ቆዳውን ሰማያዊ የቀላቀለ ጥቁር ያደርገዋል፤ ያ ደግሞ ከማድያቱ ይልቅ ለማስለቀቅ ያስቸግራል። በእርግዝና ጊዜ አንጠቀምበትም።

በአገራችን የመዋቢያ ዕቃዎችን የሚቆጣጠረው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይህን ሥልጣን ሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ከእያንዳንዱ ሱቅ በር ላይ ተቆጣጣሪ አይቆምምና እናንተም ዓይናችሁን ክፈቱ። የሠሪው ስምና አድራሻ፣ የይዘቱ ዝርዝርና የሚያበቃበት ቀን የሌለበትን አትግዙ። ከትልቅ ዕቃ እየተቀነሰ በትንንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ ድብልቅንም ተዉት። በማሸጊያው ላይ «ከወርቅ፣ ከብር ወይም ከአሉሚኒየም ጋር አይገናኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ ባዜቃ ሊኖርበት ስለሚችል አትንኩት። ጽሑፉን ማንበብ ካስቸገራችሁ ቱቦውን በፌስታል አሥራችሁ ወደ ክሊኒክ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።

በቤት ካለው ምን ይጠቅማል?

ለማድያት ከሁሉ የሚበልጠው ጥላ ነው። ጃንጥላ፣ ሰፋ ያለ ባርኔጣ፣ ወደ ፊት ሳብ ተደርጎ የተጣለ ሻሽ ወይም ነጠላ፣ በከዚራ ዛፎች ሥር ማለፍ፣ ገበያን በጠዋት መጨረስ፤ እነዚህ ወጪያቸው ትንሽ ነው ወይም ጭራሽ ወጪ የላቸውም። ፊትን ለሚገርፍ የምድጃና የምጣድ ሙቀትም ራቅ ማለት አይከፋም። ይህን ሳያደርጉ በማንኛውም ቅባት ማድያት ማጥፋት በሚያፈስ ባልዲ ውሃ መቅዳት ነው።

ቀጥሎ ማወቅ ያለባችሁ ጥቁር ቆዳ በቁጣ እንደሚጠቁር ነው። የተፈገፈገ፣ የተቃጠለ ወይም የተላጠ ቦታ ሲድን ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። ስለዚህ በጨው፣ በስኳር ወይም በሻካራ ዱቄት ፊትን መፈተግ የምትፈልጉትን ተቃራኒ ያመጣል። በረኪናና የልብስ ሳሙና ለልብስ ይሁኑ። ሎሚንም ፊት ላይ አትጭመቁ። በተለይ በልጣጩ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከፀሐይ ጨረር ጋር ሲገናኝ ውሃ የሚቋጥር ቃጠሎ ያመጣና ለሳምንታት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ፓፓያ ፊት ላይ ስለ መለጠፍ የሚጠይቁኝም አሉ፤ የበሰለውን ብሉት፣ ያልበሰለው ነጭ ወተቱ ቆዳ ያስቆጣል።

የድሬዳዋ ውሃ ኖራ የበዛበት መሆኑን በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ከሚቀረው ነጭ ቅርፊት ታውቁታላችሁ። እንዲህ ያለ ውሃ ሳሙናን እንደ ልብ አያስአርፍም፤ የሳሙናው ዝቃጭም ቆዳው ላይ እየቀረ ያደርቀዋል። ስለዚህ ፊታችሁን በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ሳሙና በትንሹ ታጥባችሁ ደህና አድርጋችሁ አለቅልቁት። ፎጣውን እያነካካችሁ አድርቁና ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊን በስሱ ተቀቡ። ቫዝሊን ውሃውን ከቆዳው እንዳይተን ይይዘዋል፤ በደረቅ ቆዳ ላይ ሲቀባ ግን የሚይዘው ውሃ የለም። ለወዛም ፊት ግሊሰሪን ይሻላል። አንድ እጅ ግሊሰሪን ከሁለት እጅ ፈልቶ ከቀዘቀዘ ውሃ ጋር ደባልቁ፤ በንጹሕ ጠርሙስ ለሳምንት የሚበቃ ብቻ አድርጉት፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ ጀርም ያፈራል። ቅቤ ለጠጉር እንጂ ለፊት አይመከርም፤ ቀዳዳውን ደፍኖ ብጉር ያወጣል።

የሶማሌ ጎረቤቶቻችን የሚቀቡት ቃሲል ከቁርቁራ ዘመድ የሆነ ዛፍ የደረቀ ቅጠል ዱቄት ሲሆን፣ በውሃ ሲበጠበጥ በራሱ አረፋ ያወጣል። ወዛም ፊት ለማጽዳት ጥሩ ነገር ነው፤ በውሃ ወይም በእርጎ ለውሳችሁ አሥር ደቂቃ ያህል አቆዩትና ሳይደርቅ ታጠቡት፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። እርድ የምትጨምሩ ከሆነ ግንዱን ገዝታችሁ ራሳችሁ ውቀጡት። ቢጫነቱ እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ቀለም የሚጨምሩ ነጋዴዎች በባንግላዴሽ ተገኝተው ነበርና የተፈጨው አያስተማምንም። እሬት ስትጠቀሙ ከተቆረጠው ቅጠል የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ስለሚያሳክክ አፍስሱትና ውስጡን ያለውን ንጹሑን ብቻ ውሰዱ። ማንኛውንም አዲስ ነገር አስቀድማችሁ በክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ ቀብታችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ።

የየዕለቱ ሜካፕ

ለየዕለቱ ብዙ አያስፈልግም። በዚህ ሙቀት ወፍራም ቅባትና ፓውደር እኩለ ቀን ሳይደርስ ይንሸራተታል። ፋውንዴሽን የምትገዙ ከሆነ በሱቁ አምፖል ሥር ሳይሆን ደጅ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን መንጋጋችሁ ላይ ሞክሩት፤ ከቆዳችሁ ጋር ተመሳስሎ የሚጠፋው የእናንተ ነው። ነጣ ያለውን መምረጥ ፊትን ከአንገት ይለያያል። የራስን ቀለም መምረጥ ሌላም ጥቅም አለው፤ ለፋውንዴሽን ቡናማ መልክ የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ማድያትን የሚያባብሰውን ተራውን የቀን ብርሃን በከፊል ይከላከላል፤ ነጩ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይህን ያህል አያደርገውም። ደስ የሚለውን አንድ የከንፈር ቀለም ግዙ፤ በጣት ትንሽ ነካ አድርጎ ጉንጭ ላይ ማሸት ይቻላል። ማታ ሳትተኙ በፊት በጥቂት ቫዝሊን ወይም በሰሊጥ ዘይት አልስልሳችሁ በጥጥ ጥረጉትና በሳሙና ታጠቡ።

ኩል ሲነሳ ብዙዎች «የእናቶቻችን ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን በየገበያው ከሚሸጠው የኩል ድንጋይ ውስጥ አብረቅራቂ ግራጫ የሆነው ብዙውን ጊዜ የእርሳስ ማዕድን ነው፤ እርሳስ ስል የአሮጌ ባትሪውን ብረት ማለቴ እንጂ የመጻፊያውን አይደለም። በተለይ እርጉዝና የምታጠባ እናት ከእንዲህ ያለው ኩል ትታቀብ፤ እርሳሱ ወደ ፅንሱና ወደ ጡት ወተት ያልፋል። ይዘቱ የተጻፈበትን የኩል እርሳስ መጠቀም ይቻላል፤ የግል ይሁን እንጂ። ኩልና ማስካራ የተዋዋሱ እህትማማቾች የዓይን ሕመምም ይዋዋሳሉ።

ሂና ቀለሙ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀይ ቡናማ ነው። ለሠርግ ተብሎ ጥቁር እንዲሆን የጠጉር ቀለም ዱቄት የተጨመረበት ግን ቆዳ ያቆስላል፤ ጠባሳውም ይቆያል። ዱቄቱ በአፍ ከገባ ሊገድል ስለሚችል ልጅ በማይደርስበት አስቀምጡት።

አራስ ቤት ሴት አያት ወይም አክስት «ዓይኑ እንዲጎላ» ብለው ሕፃኑን ኩል ሲኩሉት፣ እጁንም ሂና ሲቀቡት ይታያል። ኩሉ የሕፃኑን ዓይን ይበክላል፤ እርሳሱም የአእምሮ እድገቱን ይጎዳል። ሂና ደግሞ በተፈጥሮ የደም ሕዋሳቸው ደካማ በሆነባቸው ሕፃናት ላይ ደማቸውን አፍርሶ ብርቱ የቢጫ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። አያትን «አይሆንም» ማለት ለአራሷ ከባድ ከሆነ አባትየው ይናገር፤ «ሲስተር ከልክላለች» ብሎ በእኔ ቢያሳብብም አልቀየምም።