ነጻ መግቢያ የማን መብት ነው? የሙዚየሞች በር ከ1759 እስከ ዛሬ

የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም በ1753 በፓርላማ ሕግ ተቋቁሞ በጃንዋሪ 1759 ለሕዝብ ሲከፈት መግቢያው ነጻ ነበር (በዚህ ዳሰሳ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነጻ ይሁን እንጂ ማንም እንዳሻው የሚገባበት አልነበረም። ጎብኚው አስቀድሞ በጽሑፍ ማመልከት፣ ፈቃዱን መጠበቅ፣ ከዚያም ከጥቂት ሰዎች ጋር በአስጎብኚ እየተመራ ማለፍ ነበረበት። ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ ለሚያድር ሰው በሩ የተዘጋ ያህል ነበር። በፓሪስ አብዮተኞቹ በ1793 የነገሥታቱን ቤተ መንግሥት ሉቭርን ሙዚየም አድርገው ሲከፍቱ ሐሳቡ ከዚህ ሰፋ። የንጉሡ ሀብት የሕዝብ ከሆነ፣ ሕዝቡ የራሱን ለማየት አይከፍልም አሉ። ሉቭር ማስከፈል የጀመረው በ1922 ነው።

ቲኬት የገባበት ዘመን

በብሪታንያ የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ የተደረገው በ1974 መጀመሪያ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ መንግሥት በብሔራዊ ሙዚየሞች ላይ የመግቢያ ክፍያ ጣለ፤ መንግሥቱ በምርጫ ሲወድቅ ግን ክፍያው በጥቂት ወራት ውስጥ ተሻረ። በ1980ዎቹ ጉዳዩ ተመልሶ መጣ። የመንግሥት ድጎማ ሲጠብብ ሙዚየሞቹ ገቢያቸውን ራሳቸው እንዲፈልጉ ተገፉ። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ1985 «በፈቃደኝነት» የሚሰጥ መዋጮ መጠየቅ ጀመረ፤ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በ1987፣ ሳይንስ ሙዚየም በ1988 ቲኬት መሸጥ ጀመሩ። የጎብኚው ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ብሪቲሽ ሙዚየምና ናሽናል ጋለሪ ግን በነጻ መግቢያቸው ጸኑ።

ለጸኑት ፈተናው ድርብ ነበር። የሚያስከፍል ሙዚየም ለዕቃና ለአገልግሎት የከፈለውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስመለስ ሲችል፣ የማያስከፍለው አይችልም ነበር። በሕጉ አካሄድ በሩን ለሁሉም የከፈተው ተቋም ተቀጪ ሆነ። ይህ ቋጠሮ በ2001 በታክስ ሕግ ማሻሻያ ተፈታ። ከዚያ በፊት በ1999 ለሕፃናት፣ በ2000 ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች መግቢያው ነጻ ሆኖ ነበር። በዲሴምበር 1 ቀን 2001 ደግሞ የእንግሊዝ ብሔራዊ ሙዚየሞች ቋሚ ስብስብ ለሁሉም ተከፈተ።

ቁጥሩ የሚለውና የማይለው

ቀድሞ ያስከፍሉ የነበሩት ሙዚየሞች ጎብኚ በ10 ዓመት ውስጥ ከ7 ሚሊዮን ገደማ ወደ 18 ሚሊዮን ገደማ አደገ። ስዊድን በ2005 የመንግሥት ሙዚየሞችን ነጻ አደረገች፤ በ2007 አዲሱ መንግሥት ክፍያውን ሲመልስ ጎብኚው ቀነሰ፤ በ2016 እንደገና ነጻ ሲሆኑ ሰዉ ተመለሰ። ዋጋ ሰውን ከበር እንደሚመልስ ከዚህ የጠራ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

የብሪታንያው ተሞክሮ ያሳየው ሌላም ነገር አለ። ከጭማሪው ብዙው የመጣው ድሮም ሙዚየም ከሚያዘወትሩት፣ የተሻለ ትምህርትና ገቢ ካላቸው ሰዎች ነው። የትራንስፖርት ወጪ፣ የሥራ ሰዓትና «ያ ቦታ የእኛ ቢጤ የሚሄድበት አይደለም» የሚለው ስሜት ቲኬቱ ከቀረ በኋላም አልጠፉም። ስለዚህ ነጻ መግቢያ ተማሪዎችን ይዞ የሚመጣ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሠፈሩ የሚወጣ ባለሙያና ጎብኚው በሚገባው ቋንቋ የተጻፈ ማብራሪያ ያስፈልገዋል።

የአንድ ቀን ስጦታ

ጣሊያን ሌላ መንገድ መረጠች። ከጁላይ 2014 ጀምሮ በወቅቱ የባህል ሚኒስትር በነበረው ዳሪዮ ፍራንቼስኪኒ ውሳኔ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞችና የአርኪዮሎጂ ስፍራዎች በነጻ ይጎበኛሉ። ቤተሰቡን ይዞ ኮሎሲየም ለመግባት አቅም ያጣ ነዋሪ ተጠቀመ። ጥንታዊ ፍርስራሽ ግን ያን ሁሉ ሰው በአንድ ቀን ሊሸከም አይችልም። ፖምፔይ በኦክቶበር 2024 በነጻው እሑድ ከ36 ሺሕ በላይ ሰው ከጎረፈባት በኋላ፣ በኖቬምበር የቀን ጎብኚዎችን ቁጥር በ20 ሺሕ ገደበች። ሉቭርም ነጻ እሑዶቹን በ2014 ከኦክቶበር እስከ ማርች ባሉት ወራት ወስኖ፣ በ2019 ወደ ቅዳሜ ምሽት አዛወራቸው። ዓመቱን ሙሉ ከፍሎ የሚገባን ሕዝብ በአንድ ቀን ነጻ መልቀቅ ቅርሱንም ጎብኚውንም ይጎዳል፤ በየቀኑ ክፍት የሆነ በር ግን ሕዝቡን ዓመቱን ሙሉ ያከፋፍለዋል።

አሁን የመጣው መስመር

ያለፉት ጥቂት ዓመታት አዝማሚያ ጎብኚውን በመኖሪያው መለየት ነው። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከማርች 2018 ጀምሮ ከኒውዮርክ ግዛት ውጭ ከሚመጣ አዋቂ የተቆረጠ ዋጋ ይቀበላል። ሉቭር በ2024 ቲኬቱን ከ17 ወደ 22 ዩሮ አሳድጎ፣ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ክልል ውጭ ለሚመጡት 32 ዩሮ አድርጎታል። በብሪታንያም የውጭ ቱሪስት ይክፈል የሚል ክርክር ተነሥቷል።

ይህ ክርክር እኛን በቀጥታ ይነካናል። የእንግሊዝ ጦር በ1868 ከመቅደላ የዘረፋቸው የወርቅ ዘውድና ጽዋ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ፤ ሙዚየሙም በ2018 የ150ኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ ልዩ ዐውደ ርእይ አሳይቶባቸዋል። በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦታት ለጎብኚ አይታዩም። ብሪቲሽ ሙዚየም ንብረቶቹን ላለመመለስ ሲከራከር ስብስቡ የመላው ዓለም ነው፣ በሩም ለመላው ዓለም ክፍት ነው ይላል። ቪዛውን፣ የአውሮፕላኑንና የማደሪያውን ወጪ ችሎ ለንደን ለደረሰ ኢትዮጵያዊ፣ የአያቶቹን ቅርስ ለማየት ሌላ ቲኬት ማስቆረጥ ያን መከራከሪያ ከሥሩ ይንደዋል። ቅርሱን «የዓለም» ብሎ የያዘ ተቋም ከዓለም ገንዘብ የመጠየቅ ሞራል የለውም።

ነጻ መግቢያ በየዘመኑ የተሸነፈው ሕዝቡ ስላልፈለገው አልነበረም፤ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በሕግና በበጀት ሳይጻፍ በመቅረቱ ነው። ስለዚህ መንግሥታት ድጎማውን በሕግ ያጽኑት፤ ለልዩ ዐውደ ርእይ ክፍያ ይኑር፤ ለጥንታዊ ፍርስራሾች የቀን ገደብ ይቀመጥ። ቋሚው ስብስብ ግን በየቀኑ ለሁሉም፣ ከየትም ለመጣ ሰው ነጻ ይሁን።