ኮዱን ከመርገማችሁ በፊት

የሠራችሁት ሮቦት እንቢ ሲል መጀመሪያ የሚከሰሰው ኮዱ ነው። ሽቦ በእጅ ይነካል፣ ጎማ ሲላቀቅ ይታያል። ኮድ ግን አይጨበጥም፤ ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ እሱ ላይ ይለጠፋል። የሚቀጥለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ መስመር ይሰረዛል፣ ሌላው ይጨመራል፣ ከዩቲዩብ የተገኘ ኮድ እንዳለ ይገለበጣል። ሌሊቱ ይነጋል፤ ሮቦቱ ግን እዚያው በረገጠበት ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ኤሌክትሮኒክስ የማለማምዳቸው ተማሪዎች አሉ። በቅርቡ ሁለት የ11ኛ ክፍል ልጆች ብርሃን የሚከተል ሮቦት ይዘው መጡ። አርዱዊኖ ኡኖ ቦርድ፣ ግራና ቀኝ ሁለት የብርሃን ሴንሰር፣ ሁለት ሞተር፣ አንድ የሞተር ድራይቨር፣ አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ። የትምህርት ቤታቸው ኤግዚቢሽን ሰኞ ነው። ማታ ቤት ውስጥ የስልካቸውን መብራት እንደ በግ ተከትሏል። ቀን አዳራሽ ሲያስገቡት ግን ወደ ቀኝ ብቻ እንደ እንዝርት ይሾራል፤ ትንሽ ቆይቶ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ እንደ አዲስ ይጀምራል።

«ቲቸር፣ ኮዱ ነው። አራቴ ቀይረነዋል» አለ ልጁ። ልጅቷ ቦርሳዋን እየዘጋች ነበር። «ይቅርብን በቃ፣ እኛ ለዚህ አልተፈጠርንም» አለች።

እኔን ያሳሰበኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ሮቦት ቢበላሽ ይጠገናል። «አልተፈጠርኩም» ብሎ የተነሳን ልጅ ግን መልሶ ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ ከባድ ነው። ደግሞም ፍርዱ የተሰጠው ምርመራ ሳይደረግ ነው።

ሲጀመር ብርሃን ለመከተል ኮድ የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ማብቂያ ግሬይ ዋልተር የተባለ የአንጎል ተመራማሪ እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ውስጥ ኤልመር እና ኤልሲ የተባሉ ኤሊ መሰል ሮቦቶች ሠርቶ ነበር። አንድ መስመር ኮድ አልነበራቸውም። አንድ የብርሃን ሴንሰር፣ አንድ የንክኪ ሴንሰር፣ ሁለት ቫክዩም ቲዩብ፣ ሞተርና ባትሪ፤ በቃ። እንዲያም ሆኖ ወደ መብራት ይሄዱ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሮቦት አራት ነገር ነው ማለት ነው፦ ዓይን፣ ውሳኔ፣ ጉልበትና እግር። ኮዱ የሚገባው ውሳኔው ላይ ነው። ሲበላሽም አራቱን ለየብቻ መጠየቅ ያዋጣል።

ዓይኑ ምን ያያል?

ሞተሮቹን ነቀልናቸው። ቦርዱ ሌላ ሥራ ሳይሠራ ከሴንሰሮቹ የሚያነበውን ቁጥር ብቻ ሲሪያል ሞኒተር ላይ እንዲጽፍ አደረግን። ኤልዲአር የሚባለው ሴንሰር ብርሃን ሲበዛበት የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይቀንሳል። ከ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር ሲጣመር፣ ኡኖ ብርሃኑን ከ0 እስከ 1023 በሆነ ቁጥር ያነበዋል።

አዳራሹ ውስጥ ምንም መብራት ሳናበራ ግራው 690፣ ቀኙ 780 አካባቢ አሳየ። መጋረጃውን ስንዘጋው ሁለቱም ከ200 በታች ወረዱ። ኮዱ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ቀኙ ከ600 በላይ ከሆነ ወደ ቀኝ ታጠፍ፤ አለዚያ ግራው ከ600 በላይ ከሆነ ወደ ግራ ታጠፍ።

ልጅቷ ስክሪኑን አየች፣ ኮዱን አየች። «እንዴ! ቀኙ ሁልጊዜ ከ600 በላይ ከሆነ እኮ ወደ ግራው ጭራሽ አይደርስም!» አለች። ልክ ናት። ሮቦቱ የታዘዘውን ቃል በቃል እየፈጸመ ነበር። 600 የማታው ሳሎን ቁጥር እንጂ የቀኑ አዳራሽ ቁጥር አይደለም።

ስለዚህ ከ600 ጋር ማወዳደሩን ትተው ግራና ቀኙን እርስ በርስ አወዳደሩ። ልዩነቱ ከ80 ካነሰ ቀጥ ብሎ ይሂድ፤ ከበለጠ ብርሃን ወደበዛበት ይታጠፍ። አንድ ነገር ግን ቀረ። ሮቦቱን ፊቱን አዙረን ብናስቀምጠውም ቀኙ አሁንም በ90 ገደማ ይበልጣል። ያ ከመስኮቱ ሳይሆን ከሴንሰሮቹ የመጣ ልዩነት ነው፤ አንድ ዓይነት ተብለው የሚሸጡ ኤልዲአሮች መንትያ አይደሉም። መፍትሔው ሮቦቱ ሲነሳ ሁለቱንም 50 ጊዜ አንብቦ አማካያቸውን እንዲይዝ፣ ከዚያ በኋላ ከየራሳቸው አማካይ ላይ የጨመሩትን ብቻ እንዲያወዳድር ማድረግ ነው።

ጉልበቱስ?

ቀጥ ብሎ እንደገና የሚጀምረው ነገር ሌላ በሽታ ነው። ፍንጩ እዚያው ነበር፦ በዩኤስቢ ሲሰካ ደህና፣ በባትሪ ብቻ ሲሆን ጣጣ። የኮዱ መጀመሪያ ላይ ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት አምስት ጊዜ ብልጭ እንድትል አደረግን። ሮቦቱ በጉዞ መሃል ቆሞ መብራቷ እንደገና አምስቴ ብልጭ ስትል ነገሩ ለየለት፤ ቦርዱ ኃይል አጥቶ ከዜሮ እየተነሳ ነው።

ሞተር ሲነሳ ሲሽከረከር ከሚወስደው እጅግ የበለጠ ኃይል ይስባል። አራት ማዕዘኑ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ለጭስ ጠቋሚ ዓይነት ትንሽ ነገር እንጂ ለሁለት ሞተር አይሆንም። ቮልቱ ይወርዳል፣ ቦርዱም ይዞርበታል። ለሞተሮቹ የራሳቸው አራት የእጅ ባትሪ ድንጋዮች ተሰጣቸው፤ የሁለቱ ኃይል ምንጮች ኔጌቲቭ ሽቦ ግን አንድ ላይ መታሰር አለበት። ይህ ካልሆነ ቦርዱና ድራይቨሩ አይግባቡም።

ኮዱ ንጹሕ ነው?

አይደለም። የመጨረሻው ችግር እዚያ ነበር። ስልኩን ወደ ግራ ስንወስደው ሮቦቱ አልፎት ይዞራል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ያልፋል። ከእያንዳንዱ መታጠፍ በኋላ «ዲሌይ 1000» የሚል ትእዛዝ ተጽፏል። ይሄ 1000 ሚሊሰከንድ ነው፤ ሮቦቱ እየዞረ ለአንድ ሙሉ ሰከንድ ዓይኑን ይጨፍናል ማለት ነው። ወደ 20 ሲያወርዱት ረጋ።

ሰኞ ማታ ቪዲዮ ላኩልኝ። ሮቦቱ ትንሽ ወልገድ ይላል፤ ግን ስልኩን ይከተላል። ልጅቷ ለጎብኚዎች የምታስረዳው ስለ ጎማውና ስለ ሽቦው አልነበረም፤ 600 ለምን እንዳልሠራ ነበር።

እናንተም ስትጀምሩ ብዙ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። የስልካችሁ መብራት የሙከራ ብርሃን ነው። ካሜራው ሮቦቱ የቆመባትን ቅጽበት ይቀርጽላችኋል። ቦርድ የመግዣ አቅም ለጊዜው ከሌላችሁ ቲንከርካድ ላይ አርዱዊኖና ኤልዲአር አገናኝታችሁ በነጻ መሞከር ትችላላችሁ። አንድ ሕግ ብቻ ያዙ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሦስት ነገር ቀይራችሁ ቢሠራ የትኛው እንዳዳናችሁ አታውቁም፤ ባይሠራ ደግሞ የትኛው እንዳባሰባችሁ አታውቁም።

ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እርዳታ ስትጠይቁም «ኮዴ አይሠራም፣ እርዱኝ» ብላችሁ አትለፉ። ምን እንዲሆን እንደጠበቃችሁ፣ ምን እንደሆነ፣ ሴንሰሩ በብርሃንና በጨለማ ስንት እንዳነበበ፣ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ አራት መስመር ጻፉ። መልስ የሚሰጣችሁ ሰው ታገኛላችሁ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርሱ መልሱን ራሳችሁ ታዩትና መልእክቱን ሳትልኩት ትቀራላችሁ።