አንዲት = ስትጎድል

የሌሎችን ኮድ መገምገም የዘወትር ሥራዬ ነው። ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ከኢፍ ቀጥሎ ባለው ቅንፍ ላይ ነው። እዚያ == መሆን ሲገባው አንዲት = ብቻ ከተጻፈች፣ ማወዳደር የነበረበት ፕሮግራም ዋጋ ሰጥቶ ያልፋል። በሲ ቋንቋ ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው።

የአልጎል 60 ቋንቋ እንዲህ አልነበረም። ዋጋ ለመስጠት :=፣ ለማወዳደር = ነበር የሚጽፈው፤ ሮበርት ሬኮርድ እ.ኤ.አ. በ1557 ምልክቷን ለሒሳብ ሲያስተዋውቅ ከሰጣት ትርጉም ጋርም ይስማማል። ኬን ቶምፕሰን ከሲ በፊት የነበረውን የቢ ቋንቋ ሲሠራ ግን፣ ዋጋ መስጠት ከማወዳደር በእጥፍ ገደማ ስለሚበዛ አጭሩን ምልክት ለእሱ ሰጠ። ሲም ወረሰው።

ስሌቱ የጣትን ድካም ይቀንሳል። እኔ ግን ምልክትን የምመዝነው ጣት ሲስት በሚሆነው ነው። አንዲት ቁልፍ ሳትነካ ብትቀር ኮምፓይለሩ ይጮኻል ወይስ ሌላ ትርጉም ያለው ፕሮግራም አምኖ ይቀበላል?

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2003 በሊኑክስ ከርነል የኮድ ቅጂ ውስጥ ማን እንደጻፋቸው ያልታወቁ ሁለት መስመሮች ተገኙ። ላይ ላዩን ሲታዩ የተጠቃሚው መለያ ቁጥር 0 መሆኑን የሚያጣሩ ይመስላሉ። 0 የሩት፣ ማለትም ሁሉ የተፈቀደለት ተጠቃሚ ቁጥር ነው። ምልክቷ ግን አንዲት = ነበረች፤ የተወሰነ ጥሪ ያደረገን ሁሉ ሩት ታደርገዋለች። ዋጋ የሰጠው ክፍል በራሱ ቅንፍ ስለታቀፈ ኮምፓይለሩ እንኳ አያስጠነቅቅም። የተያዘውም ለውጡ የፈቃድ መዝገብ ስላልነበረው ነው እንጂ ምልክቷ ራሷን ስላጋለጠች አይደለም። ሆን ብሎ የሚያጠቃ ሰው የደከመ ፕሮግራመር ስህተት መስሎ መግባት የቻለው በዚህች ምልክት ምርጫ ነው።

ምርጫ ደግሞ ይታረማል። በቢ ቋንቋ ቀንሶ መልሶ ማስቀመጥ =- ተብሎ ይጻፍ ስለነበር ሀ=-1 የሚለው «ከሀ 1 ቀንስ» ይሁን «ለሀ -1 ስጥ» ለአንባቢ ያምታታ ነበር፤ ሲ ገልብጦ -= አደረገውና ጥያቄው ቀረ። የጎ ቋንቋ ዋጋ መስጠትን ለብቻው የሚቆም ዐረፍተ ነገር አድርጎ ከኢፍ መጠየቂያ አስወጣው። ፓይተንም እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 3.8 በመግለጫ ውስጥ ዋጋ መስጠትን ሲፈቅድ የመረጠው :=ን ነው። ትክክለኛ ውሳኔ ነው እላለሁ።

አዲስ ቋንቋ፣ ወይም ለቡድናችሁ ትንሽ የማዋቀሪያ ቋንቋ እንኳ የምትሠሩ፣ ምልክት ከማጽደቃችሁ በፊት አንዷን ፊደል አጥፉና ኮምፓይል አድርጉት። ካለፈ ሌላ ምልክት ፈልጉ።