ሕፃኑን ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው

ሕፃን ልጅ ድንገት ካስመለሰው በኋላ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ሲከተል፣ ቤተ ዘመድ ምክንያት ለመስጠት አይቸገርም። ጥርስ ሊያበቅል ነው ይባላል፤ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ብርድ መቶት ነው ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ተጠያቂው ቫይረስ ነው።

ዋናው ሮታ ቫይረስ ይባላል። አውስትራሊያዊቷ ተመራማሪ ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1973 ሜልቦርን ውስጥ ከታመሙ ሕፃናት አንጀት በወሰዱት ናሙና ላይ አገኙት። ክትባት ከመምጣቱ በፊት፣ የሀብታምም ይሁን የድሃ ልጅ፣ 5 ዓመት ሳይሞላው በዚህ ቫይረስ ያልተያዘ አልነበረም ማለት ይቻላል። ኖሮ ቫይረስም ሌላው ነው፤ ትልቅ ትንሽ ሳይል ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ሰሞን ያስተኛል። አዴኖና አስትሮ የሚባሉትም አሉ። ሕመሙ ስለሚመሳሰል እናት በዓይኗ ልትለያቸው አትችልም፤ እንክብካቤውም አንድ ስለሆነ መለየቱ ያን ያህል አያስጨንቅም። ሰገራው ደም ካለው ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ሮታ የሚያጠቃው የቀጭኑን አንጀት ግድግዳ ነው። ምግብና ውሃ የሚመጥጡትን ሕዋሳት ሲገድል፣ መመጠጥ የነበረበት ፈሳሽ ሁሉ ወደ ውጭ ይወርዳል። ከ3 እስከ 8 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አንጀቱ አዲስ ሕዋስ ይተካና ተቅማጡ በራሱ ይቆማል።

ብዙ ስሕተት የሚመነጨው ከዚህ ነው። በሦስተኛው ቀን ግግ ያስወጣ፣ እንጥል ያስቆረጠ ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ የሰጠ ሰው፣ ሕመሙ በጊዜው ሲለቅ «ይኸው አዳነው» ይላል። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ግግ ማስወጣትና እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ መድማትንና ሌላ ኢንፌክሽንን ያመጣሉ፤ ጥቅም ግን የላቸውም።

ሕፃኑን የሚገድለው የውሃና የጨው ማለቅ ነው። ኦአርኤስ የሚባለው በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት የተሠራው ለዚህ ነው፤ በውስጡ ያለው ስኳር፣ የተጎዳው አንጀት እንኳ ጨውንና ውሃን እንዲመጥጥ ይረዳዋል። ተቅማጡን ወዲያው ስለማያቆም «አልሠራም» ብለው የሚተዉት አሉ፤ ሥራው ግን የፈሰሰውን መተካት ነው። ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን ልክ ይበጥብጡት። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ፣ ባስቀመጠው ቁጥር አንድ ሲኒ ያህል በማንኪያ ይስጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይተው ቀስ እያሉ ይቀጥሉ። ጡት አያቋርጡ፤ ለስላሳ መጠጥ አይስጡ። ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ ዚንክም ይሰጣል፤ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ መጨረሻው ቀን ይዋጥ።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፣ እንባ አልባ ካለቀሰ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ የሆድ ቆዳው ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ ወይም ልጁ ከደነዘዘ፣ ሳይነጋ እንኳ ቢሆን ይውሰዱት።

እጅን በሳሙና መታጠብ ይጠቅማል፤ አልኮል ያለው የእጅ ማጽጃ ግን ለኖሮ ቫይረስ ብዙም አያስተማምንም። ሮታ ንጹሕ ቤት ውስጥም ስለሚገባ ዋናው መከላከያ ክትባቱ ነው። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. በመደበኛ ክትባት ውስጥ አስገብታዋለች፤ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት በአፍ እንዲሰጥ ሆኖ ነው የተጀመረው። የልጅዎን የክትባት ካርድ ዛሬ አውጥተው ይመልከቱ፤ ሮታ የሚለው መስመር ባዶ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄደው ይጠይቁ።