እርምጃ የሚቆጥረው ስልክ ልጆቻችንን ከመቀመጫቸው ያስነሳቸው ይሆን?

ታዳጊ ልጆቻችንን ለረጅም ሰዓት ቁጭ ከሚያደርጓቸው ነገሮች አንዱ የእጅ ስልክ ለመሆኑ ምስክር መጥራት አያሻም። ይኸው ስልክ ግን የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ከተጠቀመበት ልጆቹን ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል ስንቶቻችን አስበናል?

ችግሩ ምን ያህል ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ የልብ ምትን ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይሁን እንጂ የድርጅቱ ተመራማሪዎች የ146 አገሮችን መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት መሠረት፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ተማሪዎች መካከል 81 በመቶዎቹ በ2016 ይህን መጠን አላሟሉም ነበር። ካላሟሉት ውስጥ የሴቶቹ ድርሻ ይበልጣል፤ ከወንዶች 78፣ ከሴቶች ግን 85 በመቶ ነው። በሳምንት አንድና ሁለት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ይህን ጉድለት ብቻውን አይሞላውም።

ስልኩ እንዴት ይቆጥራል?

በስልኩ ውስጥ ያለች ትንሽ መሣሪያ የሰውነትን ንቅናቄ ትለካለች፤ መተግበሪያው ደግሞ ያንን ወደ እርምጃ ቁጥር ይለውጠዋል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ስልክ የልጁን ሩጫ አያውቅም፤ በእጅ የተወዛወዘ ስልክም ያልተሄደ መንገድ ሊቆጥር ይችላል። በሰፊው የሚነገረው 10,000 እርምጃም ቢሆን በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም የመጣ እንጂ የሐኪም ትእዛዝ አልነበረም።

ጉጉቱ ሲበርድስ?

በ2016 «ፖኬሞን ጎ» የተባለው የስልክ ጨዋታ ብዙ ሰዎችን መንገድ ለመንገድ አስኪዶ ነበር። በአሜሪካ ከ18 እስከ 35 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በመጀመሪያው ሳምንት የዕለት እርምጃቸው በአማካይ 955 ያህል እንደጨመረ፣ በስድስተኛው ሳምንት ግን ወደ ነበረበት እንደተመለሰ አሳይቷል። ተጠኚዎቹ ታዳጊዎች ባይሆኑም ትምህርቱ ለእኛም ይሆናል። አዲስ ነገር ያስነሳል፤ ተነስቶ ለመቆየት ግን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል።

ምን እናድርግ?

መምህሩ ተማሪውን ከጓደኛው ጋር ሳይሆን ከራሱ ያለፈ ሳምንት ጋር ያወዳድረው። ደካማውን በሁሉ ፊት ማሳፈር ከስፖርት ያርቀዋልና። ስልክ ማስገባት በማይፈቀድበት ትምህርት ቤት ቆጠራው የቤት ሥራ ይሁን፤ ስልክ የሌለው ተማሪም ደቂቃውን በደብተሩ ይመዝግብ። ለሴት ልጆች ደግሞ በግቢ ውስጥ ገመድ መዝለል ወይም ከእናት ጋር ፈጠን ብሎ መራመድ ይቻላል።

ወላጆች ሆይ! መተግበሪያው የልጁን መገኛ ቦታ ለሌሎች እንዳያሳይ ማስተካከያውን ቀድማችሁ ተመልከቱ። ከሁሉም በላይ ግን ማታ «ስንት ሆነ?» ብላችሁ ከመጠየቅ አልፋችሁ፣ ነገ አብራችሁ ውጡ።