ጉድለት፣ እጥረትና እጦት፤ «ዴፊሲት» ስለሚባለው ቃል ትርጉምና አመጣጥ

በገበያ ወሬና በመንግሥት የሒሳብ መግለጫ ውስጥ «ዴፊሲት» የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ ይነሣል። አንዳንዱ ነጋዴ ቃሉን «እጥረት» ብሎ ይረዳዋል፤ ሌላውም «ኪሳራ» ነው ይላል። በንግድ ሥራ የቃል ስሕተት የገንዘብ ስሕተትን የሚያስከትል ስለ ሆነ፣ ትርጉሙን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። በመጀመሪያ ስም ሳይሆን ግስ ነበር፤ ፍችውም «ይጐድላል» ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን ዕቃ የሚቈጥሩ ጸሐፊዎች የታጣውን ዕቃ ለማመልከት በዝርዝሩ ላይ ይጽፉት ነበር። ፈረንሳዮች ይህን ግስ ስም አደረጉት፤ እንግሊዞችም በ18ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ገደማ ከፈረንሳዮች ተቀበሉት። በ1787 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ የገንዘብ ሹም ካሎን የግምጃ ቤቱን ጉድለት ለመሙላት አዲስ ግብር እንዲጣል የመኳንንቱን ጉባኤ ቢጠይቅ፣ ጉባኤው ሳይቀበለው ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላም አብዮቱ ተነሣ። ንግሥቲቱ ማሪ አንቷኔት በሕዝቡ ዘንድ «ወይዘሮ ዴፊሲት» እስከ መባል ደርሳ ነበር።

እንግዲህ ዴፊሲት ማለት ሊኖር በሚገባውና በተገኘው መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ በአማርኛ ትክክለኛ አቻው «ጉድለት» ይሆናል። ለምሳሌ በ2008 የበጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ ውጭ የላከችው ዕቃ ዋጋ ወደ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ያስገባችው ግን ከ16 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የንግድ ሚዛን ጉድለት የሚባለው ይህ ነው።

«እጥረት» ግን ሌላ ነው። እንግሊዞች «ሾርቴጅ» የሚሉት ቃል «አጭር» ከሚለው ቃላቸው የወጣ ሲሆን፣ የእኛም «እጥረት» «አጠረ» ከሚለው ግስ ተወልዷል። የተራራቁት ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ መንገድ መሄዳቸው የሚያስገርም ነው።

ሦስተኛው «እጦት» ነው፤ «አጣ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። የመርጡለ ማርያም አካባቢ ሰው ለቃል ፍች እንግዳ አይደለም። የከተማው ስም ራሱ አዳራሽ የሚል ፍች ካለው «መርጡል» ከሚለው የግዕዝ ቃል የተገኘ ነው፤ በቢቸና አቅራቢያ የምትገኘው ዲማ ጊዮርጊስም በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች ናት። ስለዚህ የሦስቱን ቃላት ልዩነት በዚያው አገር የእህል ንግድ እንመልከት። በመርጡለ ማርያም አንድ ነጋዴ በመዝገቡ 100 ኩንታል ጤፍ ጽፎ በመጋዘኑ 97 ኩንታል ቢያገኝ፣ ይህ ጉድለት ነው። ዝናብ ቀርቶ ከቢቸናና ከሞጣ በኩል እህል ወደ ገበያው ባይደርስ፣ ይህ እጥረት ነው። እህሉ በገበያ ተቈልሎ ሳለ የቀን ሠራተኛው መግዣ አጥቶ ባዶ ስልቻውን ይዞ ቢመለስ ግን፣ ይህ እጦት ነው።

ልዩነቱ የሰው ሕይወት የሚነካ መሆኑን የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሀብ አሳይቷል። ሕንዳዊው የኤኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በዚያ ወራት በጠቅላላው አገር የእህሉ መጠን እጅግ አልቀነሰም ነበር፤ በደሴ ገበያም ዋጋው ብዙ አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አገር የሚወጣ እህል ነበር። የወሎ ገበሬ ግን ምርቱ ስለ ጠፋበት የሚበላውም የሚገዛበትም አልነበረውም። በአገር ደረጃ እጥረቱ ያን ያህል ሳይከፋ፣ እጦት ሕዝብን ፈጀ።

ሕጉም ቢሆን በቃል ላይ ይቆማል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ በገበያ እጥረት እንዳለበት በማስታወቂያ የተገለጸን ዕቃ ማከማቸትንና መደበቅን ይከለክላል። ስለዚህ ነጋዴው በጎተራው የያዘው እህል የሚያስመሰግነው ወይም የሚያስጠይቀው መሆኑ፣ «እጥረት» የሚለው ቃል በመነገሩና ባለመነገሩ ሊለይ ይችላል።

ለጉድለት መድኃኒቱ የሒሳብ ምርመራ ነው፤ ለእጥረት መድኃኒቱ እህልን ከተረፈበት ወዳነሰበት ማጓጓዝ ነው፤ ለእጦት ግን ሥራና ገቢ ካልተገኘ ጭነት ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ «የለም» የሚል ቃል በሰማ ጊዜ፣ የጐደለው መዝገቡ፣ ገበያው ወይስ የገዢው ኪስ መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ።